ቀይ መግነዝ

ከሰቀልማ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በስተምሥራቅ፣ የወንጭፍ ድንጋይ በሚያርፍበት ርቀት ላይ፣ ግራር የለበሰች አንዲት ጉብታ አለች። አገሬው «ቀይ መግነዝ» ይላታል። ለእንግዳ ሰው ስሟ ግራ ነው፤ አፈሯ ጥቁር እንጂ ቀይ አይደለም፤ መግነዝም ቢሆን በዚያ አገር ነጭ ሆኖ እንጂ ቀይ ሆኖ አይታወቅም። መንገደኛ ምክንያቱን ሲጠይቅ ወጣቱ «እንጃ፣ ሲሏት ሰምቼ ነው» ብሎ ያልፋል። ሽማግሌው ያውቃል፤ ግን ቶሎ አይናገርም። መጀመሪያ የጠያቂውን አገርና ወገን ያጣራል፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ከዚያ የማይቀርለት መሆኑን ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይጀምራል፤ ነገሩ ለሰቀልማ ሰው የሚያኮራ አይደለምና።

ዘመኑን በልኩ የሚያውቅ የለም። አንዳንዶቹ ከክፉ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከዚያም በፊት፣ የአያቶቻቸው አያቶች ልጆች ሳሉ ነው ይላሉ። በዚያን ጊዜ ከጉብታዋ በታች፣ ጥቁሪት በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ሰባት የፋቂ ቤቶች ነበሩ ይባላል። ቆዳ ፍቀው፣ አልፍተው፣ ሰፍተው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። የሰቀልማ ገበሬ ቀንበሩን በእነሱ ምራን ያስራል፣ እህሉን በእነሱ ስልቻ ይጭናል፣ እነሱ በጠፈሩት አልጋ ላይ ይተኛል፤ ከእጃቸው ግን ውሃ አይቀበልም። ቡዳ ናቸው ይላቸዋል። ልጁን ሆዱን ቢቆርጠው፣ ላሙ ብትነጥፍበት፣ ዓይኑን ወደ ወንዙ ዳር ይወረውራል። ክርስትና ተነሥተዋል፣ ጾሙን ይጾማሉ፣ ለሚካኤል ንግሥም እንደ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሰው ይወጣሉ፤ የሚቆሙት ግን ከቅጥሩ ውጭ ነበር። ሲሞቱም እንደዚያው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ስለማይቀበላቸው ሬሳቸውን በወንዙ ዳር አሸዋ ውስጥ ይቀብራሉ፤ ክረምት ገብቶ ጥቁሪት ሲሞላ ደግሞ አሸዋውን ከነያዘው ጠርጎ ይወስደዋል።

ከሰባቱ ቤቶች በአንደኛው ታፈረ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። አባቱ ታፈረ ብሎ ሰየመው፤ የሚያፍረውና የሚያከብረው ሰው ግን አልነበረም። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነበር ይባላል። እጁ ግን ሌላ ነበር። ሌላው ፋቂ ያገኘውን ቅጠልና እምቧይ ሁሉ እየጨመረ ቆዳውን ቶሎ ቶሎ ለገበያ ሲያደርስ፣ ታፈረ በግራር ቅርፊት ብቻ፣ ጊዜ ወስዶ ይሠራል፤ ከእጁ የሚወጣውም ቆዳ እንደ ድልህ የቀላ፣ እንደ ሐር የሚታጠፍ፣ ዝናብ ቢመታው የማይደርቅ፣ ብል የማይደፍረው ነበር። ዓባይን ተሻግረው የሚመላለሱ ነጋዴዎች ለኮርቻ ልባስ፣ ለሰይፍ አፎት፣ ለመጽሐፍ ገበታ መሸፈኛ እያሉ በበቅሎ ይጭኑት ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ሰይድ እንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ይመጣል። ከታፈረ ቤት ገብቶ ውሃ የሚጠጣ የውጭ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ቆዳውን እያገላበጠ፣ «አንተ እዚሁ ትቀመጣለህ፤ ቆዳህ ግን እኔ ራሴ ያልረገጥኩት አገር ደርሷል» ይለው ነበር አሉ። 

ቅርፊቱ የሚገኘው ከጉብታዋ ነበር። ግራሩ የደብሩ ነው። ከጥንት በመጣ ስምምነት ፋቂዎቹ ቅርፊት ይልጣሉ፤ በምትኩ ለከበሮው ጠፍር፣ ለካህናቱ መቀመጫ አጎዛ፣ ለመጻሕፍቱ ማኅደር በየዓመቱ ያለ ዋጋ ያስገባሉ። ታፈረ ሲልጥ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደሚደርቅ ያውቃልና፣ ፀሐይ መውጫን ከሚያየው ጎን ብቻ ሦስት ጣት የሚሰፋ ቅርፊት ይወስዳል፤ የቆሰለውን ቦታ በጭቃና በእበት ይመርገዋል፤ ከዚያ ያንን ዛፍ ሦስት ዓመት አይነካውም።

የላጠውን የምትወቅጠው ሚስቱ የሻረግ ነበረች። ቀጭን፣ መለሎ፣ ከባሏ በስንዝር የምትበልጥ ሴት ነበረች። ከልጅነቷ ጀምራ ሙቀጫ ላይ ስለ ኖረች እጇ እስከ ክርኗ የቅርፊት ቀለም ጠጥቶ፣ በእንዶድ ብታሸው እንኳ አይለቅም ነበር። ገበያ ስትወጣ ሴቶች ልጆቻቸውን ከኋላቸው ይሸሽጋሉ፤ «እጇን አያችሁት? የበላችው ሰው ደም ነው» ይባባላሉ። እሷም ትሰማለች። የቅርፊቱ ብናኝ ደግሞ ደረቷ ውስጥ ገብቶ፣ ዓመት ከዓመት የማይለቅ ሳል አስይዟት ነበር። ልጅ አልነበራቸውም።

የየሻረግ እናት የሞተችው እሷ ገና ጡት ሳታጎጠጉጥ ነው ይባላል። እንደ ወጉ አሸዋው ውስጥ ቀበሯት። በዚያው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ የእናቷን መግነዝ በታችኛው መሻገሪያ ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ አገኘችው፤ እናቷን ግን አላገኘቻትም። ይህን ነገር ለታፈረ የነገረችው በተጋቡ በስንት ዓመታቸው ነው። ሳሉ የጠናባት ጊዜ ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ታነሣው ጀመር።

«ታፈረ፣ እኔን ውሃ እንዳይወስደኝ።»

«ምን ሞት አመጣብሽ አሁን?»

«እኔ አላመጣሁት፤ እሱ ነው የመጣ። ብቻ እኔን ውሃ እንዳይወስደኝ።»

ታፈረ ከወንዙ ዳር በቀር መሬት የሚባል የለውም።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ወልደ ገሪማ፣ ራሳቸው ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። ከዚያ በፊት አለቃ ወደ ፋቂ መንደር ሲወርድ ታይቶ አያውቅም። የተማሩ፣ ድምፀ መልካም፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ነበሩ ይባላል፤ ሰው ግን ይፈሩ ነበር፤ ከአንድ ሰው ጋር ሲሆኑ አንድ ነገር፣ ከብዙ ሰው ጋር ሲሆኑ ሌላ ነገር ይናገራሉ። የዝንብ ጭራቸውን እየወዘወዙ ከታፈረ ገንዳ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ታፈረ፣ ወንጌላችን ተጽፎ አልቋል። ለኅዳር ሚካኤል አጎራባች አድባራት ሁሉ በሚመጡበት ይወጣል። ልብሱ ከአንተ እጅ ይሁን ብለናል። ነጭ ወይፈን እናርድና ቆዳውን እንልክልሃለን፤ ሳትቀደው ሙሉውን አልፍተህ ታመጣለህ። ቆርጦ መጽሐፉን የሚደጉሰው የእኛ ሰው ነው።»

ታፈረ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። መጽሐፉን ፋቂ እንዳይነካው መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። እጅ ነሥቶ፣ «እሺ አባቴ፤ አንድ ልመና አለኝ» አለ።

«ቅርፊት ነው? እንደ ልብህ ላጥ።»

«ቅርፊት አይደለም። መሬት ነው።»

አለቃው ደነገጡ። «የምን መሬት?»

«አራት ክንድ። ከቅጥሩ ውስጥ። ስንሞት።»

አለቃ ወልደ ገሪማ ወንዙን አዩ፣ ጉብታዋን አዩ፣ ዘወር ብለውም ከቤቱ ደጅ ተቀምጣ የምትስለውን ሴት አዩ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ከባልና ሚስቱ በቀር የሚሰማቸው ሰው አልነበረም። ብቻቸውን ባይሆኑ ኖሮ የተናገሩትን አይናገሩም ነበር የሚሉ አሉ።

«ቆዳው እንዳሰብኩት ከሆነ፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ መቃብርህ ከቅጥሩ ውስጥ ይሆናል።»

ታፈረ ወድቆ መሬት ሳመ። የሻረግ ከደጅ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ ያን ቀን ሳሉ እንኳ ተዋት ይባላል።

ሥራው ሰኔ ላይ ተጀመረ። ቆዳውን በጥቁሪት ውሃ ነከረ፣ ጠጉሩን ገፈፈ፣ ሥጋ የያዘውን ጎን ፍቆ አሳሳው። ቅርፊቱን ከዚያ በፊት ነክቷቸው ከማያውቃቸው ግራሮች አወረደ። የወንድሙ የካሴ ሚስት «አንቺ ታመሻል፤ ልውቀጥልሽ» ብትላት የሻረግ እንቢ አለች።

«ይኼን እኔ ነኝ የምወቅጠው። ቤቴን የምሠራበት ነው» አለች።

ክረምቱን ሁሉ ስትወቅጥ ከረመች። እሱ ገንዳው ውስጥ የተዘፈዘፈውን ቆዳ በእግሩ ይረግጣል፤ ውሃው ቀለሙን ቆዳው ሲጠጣበትና ሲገረጣ ያፈሰዋል፤ እሷ ደግሞ አዲስ ቅርፊት ታቀርባለች። ሰባት ጊዜ ለወጡለት ይባላል። መስከረም ሲጠባ አውጥቶ በጥላ ሰቀለው፤ የጉሎ ፍሬ ጨፍልቆ እየቀባ፣ በእጁ እያሸ፣ በጉልበቱ እየጠመዘዘ አለሰለሰው። ጥቅምት ላይ አለቀ።  ታላቅ ወንድሙ ካሴ በእጁ ጀርባ ዳሰሰውና፣ «ይኼን ለእነሱ ልትሰጥ ነው?» አለ። ታፈረም፣ «ለእሷ ነው የምሰጠው፤ በእነሱ በኩል ነው እንጂ» አለው አሉ።

የሻረግ ግን ለኅዳር ሚካኤል አልደረሰችም። ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ንጋት ላይ፣ ደም ሳለችና በባሏ ክንድ ላይ አረፈች። ታፈረ አላለቀሰም። ዓይኗን ከድኖ፣ ሴቶቹ እንዲያጥቧት ነግሮ፣ ነጠላውን አደግድጎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ልቡ አዝኖ ነበር፤ ግን በዚያ ሐዘን ውስጥ አንድ የሚያጽናናው ነገር ይዞ ነበር የወጣው፤ ውሃ አይወስዳትም።

ከደጁ ሲደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ገና አልተበተነም ነበር። አለቃው ከመካከል ቆመዋል፤ በቀኛቸው የአገሩ ባላባት፣ በግራቸው ካህናቱ አሉ። ታፈረ ከቅጥሩ ውጭ ተንበርክኮ፣ «አባቴ፣ የሻረግ ዐረፈች። የሰጡኝን ቦታ ያሳዩኝ» አለ።

ባላባቱ ወደ አለቃው ዞረ። «የምን ቦታ ነው የሚለው?»

 ሰዉ ሁሉ የአለቃውን ዓይን ዓይን ያያል። ባላባቱ ነገሩ ሲገባው እየጮኸ፣ «ቡዳ ከአባቶቻችን አጥንት ጎን ሊተኛ? ሬሳ ሲያወጣ ሊያድር?» አለ፤ ሰዉም አጉረመረመ። በዚያን ጊዜ አለቃው ጉሮሯቸውን ጠርገው ይህን ተናገሩ ይባላል፤

«እኔ ቃል የሰጠሁት ለአንተ ነው፣ ታፈረ። መቃብርህ አልኩ እንጂ መቃብራችሁ አላልኩም።»

«እኔማ ብሞት ምን ቸገረኝ፣ አባቴ? እኔ የለመንኩት ለእሷ ነው። ስንሞት ብያለሁ። ሰምተውኛል።»

«ሕዝቡ አልወደደም። እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?»

ታፈረ ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ዞረ። ጥቂት እንደ ራመደ አለቃው ከኋላው ጠሩት። ሐሳባቸውን የለወጡ መስሎት ፈጥኖ ዞረ።

«ቆዳው አልቋል አሉኝ» አሉ አለቃው። «ነገ ሰው እልካለሁ።»

ይህን ከሚተርኩት አዛውንት እዚህ ላይ ሲደርስ አንዳንዱ ይተፋል።

ታፈረ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ሴቶቹ የሻረግን አጥበው ጨርሰዋል፤ እጇ ግን ያው እንደ ቀላ ነበር። የመግነዙ ነጭ ሸማ ተዘርግቷል። እሱ ሸማውን አጥፎ ለካሴ ሚስት ሰጣትና፣ ከጥላ የተሰቀለውን ቀይ ቆዳ አውርዶ አነጠፈው። ካሴ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባው ክንዱን ያዘው።

«አብደሃል? የወንጌል ልብስ ነው እኮ! ሰባት ቤት ልታስፈጅ ነው?»

«የወቀጠችው እሷ ናት፤ ትልበሰው» አለ ታፈረ። 

አስተኝቶ ጠቀለላት። ከዚያ ወስፌና ቀጭን ጠፍር ወስዶ ከራሷ እስከ እግሯ ሰፋት። ቀን ሙሉ ሰፋ ይባላል። ለመኳንንት ኮርቻ እንኳ እንዲያ ያለ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም፤ እያንዳንዱን ስፌት ይስባል፣ በጥፍሩ ይዳስሳል፣ ካልወደደው ፈትቶ ይደግመዋል። የቀረው ሰው ተቀምጦ ያየዋል፤ «ይበቃል» የሚለው አልተገኘም። ጀምበር ሳታዘቀዝቅ እሱና ካሴ ሁለት ሆነው በቃሬዛ ተሸክመዋት ጉብታዋን ወጡ። አልተደበቁም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚያይ ሁሉ አያቸው፤ ከብት የሚነዳውም፣ እንጨት የሚሸከመውም ቆሞ አየ፤ «ቀይ መግነዝ! ቀይ መግነዝ ለብሳ ወጣች!» ተባለ። ውሃ በማይደርስበት ጫፍ ላይ፣ ቅርፊታቸውን በሰጡት ግራሮች መካከል ቆፍረው አሳረፏት። ካህን አልነበረም። ታፈረ የሚያውቃትን አቡነ ዘበሰማያት ደገመላት፤ ያችንም ጸሎት እስከ መጨረሻው አያውቃትም ነበር።

በማግስቱ ሰው መጣ። «ቆዳው የታለ?» አሉት።

«ለባለቤቱ ሰጠሁ። ከላይ ናት፤ ሂዱና ጠይቋት።»

አገሩ ተነሣ። ባላባቱ ከፊት፣ አለቃው ከኋላ፣ ዶማና አካፋ የያዘው በመካከል ሆኖ ጉብታዋ ላይ ወጣ። ታፈረም ተከትሏቸው ወጥቶ አንድ ግራር ተደግፎ ቆመ። ባላባቱ «ቆፍሩ!» አለ። አንዱ ዶማውን አንሥቶ አንድ ጊዜ መታና ቆመ። «ካወጣናትስ በኋላ የሚገፍፋት ማነው?» አለ። ሌላው ሌላውን አየ። የቡዳ ሬሳ ማን ይነካል? ከሬሳው ላይ የተፈታውንስ ቆዳ ማን ተሸክሞ ይወርዳል? ከካህናቱ አንዱ ደግሞ፣ «እሷ ያደረችበትን ለወንጌል ልናለብስ ነው?» ሲል፣ ዶማ የያዘው ሁሉ አንድ አንድ እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። በመጨረሻ አለቃው በዝቅተኛ ድምፅ «ተዉት» አሉ። ታፈረ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። በሕይወቷ ሳለች ያልነካት እጅ ሞታም አልነካትም። በመቃብሯ ያሳረፋት የማንም ምሕረት ሳይሆን መጸየፋቸው መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ፤ ደስታም ሐዘንም ያልሆነ፣ እንደ ኮሶ የሚመር ነገር በአፉ ሞላ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ወንጌሉ በአጎራባቾቹ ፊት በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። እንግዶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ቁጣው ወረደ። ከጉብታዋ ግራር ቅርፊት የሚልጥ ሁሉ የተወገዘ ይሁን ተብሎ በደጁ ታወጀ፤ ጠባቂም ቆመ። ቅርፊት ከሌለ ልፋት የለም፤ ልፋት ከሌለ ገበያ የለም። ፋቂዎቹ መሬት ስለሌላቸው ከእጃቸው በቀር የሚበሉበት አልነበራቸውም። ጥር ላይ ሰይድ እንድሪስ በቅሎዎቹን ይዞ መጥቶ፣ ገንዳዎቹ ደርቀው አገኛቸው፤ ለታፈረ አንድ ቁና ጨው አስቀምጦለት ባዶውን ሄደ። መጋቢት ሲገባ ከሰባቱ ቤቶች የሁለቱ ልጆች የዱር እምቧጮ እየለቀሙ መብላት ጀምረው ነበር።

ካሴ አንድ ቀን መጥቶ ከወንድሙ ፊት ቆመ። ልጁን አዝሎ ነበር።

«ለአንዲት ሬሳ ብለህ ሰባት ቤት ቀበርክ» አለው።

ታፈረ የልጁን እግር አየ፤ ከስቶ እንደ ጭራሮ ሆኗል። ጥፋት ያጠፋው እሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ልጁ የተራበው ግን በእሱ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያነሣለትም። «እውነትህን ነው» አለ።

በማግስቱ ከወንዙ ዳር ድንጋይ መርጦ በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ደጁ ወጣ፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው ተንበርክኮ ጠበቀ። ፀሐይ አናቱ ላይ ስትሆን አለቃ ወልደ ገሪማ ብቻቸውን መጡ።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ቅርፊቱን ለሰዎቹ ይፍቱላቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አለቃው ድንጋዩን ከጫንቃው አላወረዱለትም።  «ባላባቱ ከዚህ እንድትጠፋ ነው የሚፈልግ» አሉ። «እኔ ደግሞ የሰጠሁህ ቃል ዕረፍት ነሣኝ። ቃሌን ትመልስልኛለህ?»

«መቃብሬን?»

«መቃብርህን። ከሰቀልማ ትወጣለህ፤ ሞተህም አትመለስም። ያን ጊዜ ቅርፊቱን እፈታለሁ።»

ከቅጥሩ ውስጥ፣ ጉብታዋን በሚያየው ጎን፣ አንድ ቀን አራት ክንድ መሬት አገኛለሁ ብሎ ታፈረ ያስብ ነበር ይባላል። አጥር ይለያቸው እንጂ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ይህችን ለማንም ነግሯት አያውቅም። «መልሻለሁ፣ አባቴ» አለ።

በዚያው ሳምንት ጉብታዋ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ቅርፊት አልላጠም። ከዚያ መፋቂያውንና ወስፌውን በስልቻ ይዞ ወደ ቆላው ወረደ። ካሴ እስከ መሻገሪያው ሸኝቶት ሊያቅፈው እጁን ሲዘረጋ፣ «ልጁን መግበው» አለውና ውሃው ውስጥ ገባ። ቅርፊቱ ተፈታ፤ የደብሩ ግብር ግን እጥፍ ሆነ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ወንጌሉ እስካሁን በጨርቅ መሆኑ ያሳፈራቸው አለቃ ወልደ ገሪማ፣ ሰይድ እንድሪስን አስጠርተው ከሩቅ አገር ጥሩ ቆዳ እንዲያመጣላቸው ለመኑት። እሱም በዓመቱ አመጣ። ቀይ ነበር፤ እንደ ሐር የሚታጠፍ። አለቃው እያሻሹ፣ «ይኼስ የባለ እጅ ሥራ ነው፤ የየት አገር ነው?» አሉ።

«የዚሁ ነው፣ አባ» አለ ሰይድ። «ከታች ከወንዙ ዳር ከነበረው ሰው ድሮ የገዛሁት ነው። ሦስት ገበያ ዞሮ ተመለሰ።»

አለቃው ቆዳውን አላስቀመጡትም፤ ገዙት። ወንጌሉም ያንን ለበሰ። ታፈረን ግን ሰይድም ቢሆን ከሰቀልማ ከወጣ በኋላ አላየውም። ንዳድ ገደለው የሚሉ አሉ፤ አንድ የቆላ መሻገሪያ ላይ ለመንገደኛ ጫማ ሲሰፋ ታየ የሚሉም አሉ። የት እንደ ተቀበረ የሚያውቅ የለም።

ፋቂዎቹ ከዚያ ወዲያ ሙታናቸውን አሸዋ ውስጥ መቅበር ተዉ። መጀመሪያ ተደብቀው፣ በኋላ በግልጥ፣ ከየሻረግ ጎን ያሳርፏቸው ጀመር። ዘመን አልፎ ደብሩ ሲሰፋና የድንጋይ ቅጥር ሲሠራ ግንቡ በስተምሥራቅ ከጉብታዋ ግርጌ ደረሰ። ጉብታዋ ትግባ፣ አትግባ ተብሎ ሦስት እሑድ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ግንበኞቹ ቅጥሩን እንደ ማጭድ አጥፈው ጉብታዋን ውጭ አስቀርተው አለፉ። ዛሬም የሚያይ እንግዳ ግንበኛው የተሳሳተ ይመስለዋል።

የሰባቱ ቤቶች ልጆች ዛሬ እንደ ማንም ናቸው። መምህር የሆነ አለ፣ ነጋዴ የሆነ አለ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚከለክላቸው የለም። በኅዳር ሚካኤል ግን ታቦቱ ሲወጣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡ ከሚታጠፍበት ላይ ይቆማሉ። «ማን ከለከላችሁ? ግቡ እንጂ!» ይሏቸዋል። እነሱም፣ «ሰው አለችን፤ ከእሷ ጋር ነን» ይላሉ፤ አይገቡም። ካህኑ ጠበሉን በግንቡ ላይ አሻግሮ ይረጭላቸዋል፤ የሚደርሰው አለ፣ የማይደርሰውም አለ።